የባቡሩ ፊልም መጨረሻ

ጥቅምት 5 ቀን 2018
የካ፣ ከሚካኤል በላይ

ለጋሼ ሂርጳ፣

እንዴት ሰነበቱ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ጆሮዎስ ትንሽ ተሻለው ወይ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን ልል ነበር ግን ደህና አይደለንም፣ መልስዎን ለንግድ የምትመላለሰው ጎረቤታችን ሙሉጌጥ ከአሰላ ስትመለስ አምጥታልኛለች። ጽሕፈቴን ይቅር ይበሉኝ፣ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ እንደማወራው ነው የምጽፈው፣ ስልክ የሚሰሙ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

የማን ልጅ ነሽ አስታውሺኝ ብለዋል፣ አልቀየምም፣ ከኮተቤ ሲለቁ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም። የጅሬኛ ልጅ ነኝ፣ ቪዲዮ ቤትዎ በር ላይ ትኬት ይቆርጥ የነበረው የጅሬኛ። እናቴ ዳርቱ ናት፣ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በየህንድ ፊልሙ ነጠላዋ እስኪርስ የምታለቅሰው፣ እኔ ደግሞ እቅፏ ላይ የምተኛው ሶሬቲ። አባዬ ካረፈ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አልሰማሁም ማለትዎ ገርሞኛል፣ ግን እሺ። ወንድሜ በዳዳ በዘጠኝ ዓመቱ ጠፋ፣ እኔ አራት ዓመቴ ነበር፣ ፊቱን አላስታውሰውም፣ ፎቶም የለንም፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ይቀንሳል።

ሰውዬው ምን ብሎ መጣ ላሉኝ፣ ምንም ብሎ አልመጣም፣ እየዘፈነ ነው የመጣው! በመስቀል ማግስት፣ እሁድ ከሰዓት፣ እማዬ ደጅ ምስር እየለቀመች፣ እኔ ጸጉሬን እየፈታሁ፣ አንድ ረጅም ጥቁር ሰውዬ ቦርሳ ይዞ አጥሩ ጋ ቆመ፣ ቤቶች አላለም፣ ሰላም አላለም፣ የባቡሩን ፊልም ዘፈን ጀመረ፣ መጀመሪያ ህንድኛውን እያጉረመረመ፣ ከዚያ እርሶ በማይክ ከላዩ ላይ ይሉት የነበረውን አማርኛ፣

ባቡር ቢወስድህም ድምፄ ይከተልሃል፣
የሰማ ልጅ ሁሉ እናቱን ያውቃታል።

እማዬ ሰፌዱን ጣለችው። ዓይኗ ደክሟል፣ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው፣ እየተደናበረች ሄዳ "በዳዳ" አለች፣ እሱ "እማዬ" አለ፣ አለቀ። አለቀ! ልክ እንደ ፊልሙ። በፊልሙ ማን መታወቂያ ይጠይቃል፣ ባቡር ጣቢያ ልብስ የምታጥበው ሴትዮ ልጇን በዘፈን ታውቀዋለች፣ ሁላችንም እናለቅሳለን፣ ግን ጋሼ በእናትዎ፣ ሰው በእውኑ እየዘፈነ ይመጣል?

ዘፈኑን ማን ማን ያውቀዋል ብለዋል፣ የማያውቀው ማነው! እኔ ኮተቤ ጸጉር ቤት አጣቢ ነኝ፣ ትናንት እያጠብኩ መጀመሪያዋን ብቻ ሳንጎራጉር ደንበኛዋ አረፋው ፊቷ ላይ እየወረደ ጨረሰችልኝ፣ "ውይ የሂርጳ ቤት! ስንቱን አስለቅሶናል" አለች። አሁን ቲቪ ላይ የህንዱን በአማርኛ አድርገው ያሳያሉ፣ ዘፈን ሲመጣ ግን ይቆርጡታል፣ አሠሪዬ "ዘፈኑን ከቆረጡት ምኑን አየሁት፣ ሽሮ ያለ ጨው" ትላለች። እና ይሄ ሁሉ ሰው የያዘውን ዘፈን አንድ ሌባ አይዘውም?

ለምን ትፈሪያለሽ ብለዋል። ወረዳው ከሚካኤል በላይ ያለነውን ሊያነሳን ነው፣ የቤተሰብ አባል የሚመዘገበው እስከ ጥቅምት 28 ነው፣ የተመዘገበ ሰው በሚሰጠን ምትክ ቤት ላይ እኩል ስም አለው። አሥራ ሰባት ዓመት ያልመጣ ሰው በዚህ ሰሞን መጣ! እማዬ "ምስክር ፈልጊና አስመዝግቢው" ትለኛለች፣ እኔ ዛሬ ነገ እላለሁ። ያለችኝ አንድ ቤት ናት፣ ያለችኝ አንድ እናት ናት፣ ሌባ ከሆነ ሁለቱንም ነው የሚወስድብኝ። የቤቱ ወረቀት ያለበትን ሳጥን ቁልፍ አንገቴ ላይ አስሬ ነው የምውለው፣ አይቶታል፣ አይቶ እንዳላየ ማለፉ ደግሞ ያስፈራኛል። ያን ጊዜ ያንን ልጅ ቀርቦ የሚያውቅ፣ እማዬ ያልሆነ ሰው፣ ከእርሶ ሌላ አልቀረኝም። እንዴት አድርጌ ልወቀው? በሚካኤል ይዤዎታለሁ።

ሶሬቲ ጅሬኛ


አሰላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018

ይድረስ ለሶሬቲ ጅሬኛ፣

እንደምን አለሽ ልጄ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬን ግን ተይው። ሃያ ዓመት ስፒከር ሥር ተቀምጬ ስጮህ ኖሬ አሁን የቤተ ክርስቲያን ደወል እንኳ የሚሰማኝ በደረቴ ነው። ስለ አባትሽ ብዙ ማለት ይገባኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ዘፈኑ ለምን ከሰው ራስ አይወጣም ብለሽኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ህንድኛ አንዲት ቃል አላውቅም። አክተሩ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ከፊቱ አይቼ ነበር የምናገርለት። ንግግር ሲሆን ሰዉ ቆሎ ይቆረጥማል፣ "ሂርጳ ቀደድክ!" እያለ ይሰድበኛል። ዘፈን ሲጀመር ግን ጸጥ። በዝናብ ይጨፍራሉ፣ በሐዘን ይጨፍራሉ፣ አሁን ሜዳ ላይ የነበሩት ወዲያው በረዶ ተራራ ላይ ናቸው፣ ልብሳቸው አምስት ጊዜ ይቀየራል፣ እንዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የወረደች ሴት ሸክሟን ደጄ ላይ አስደግፋ ትገባ ነበር፤ ስትወጣ ታሪኩን እዚያው ትታ ዘፈኑን ይዛ ነው የምትወጣው። ዘፈኑን ያልያዘ ሰው የለም። ስለዚህ በዘፈን ብቻ ሰው አይታመንም፤ መጠርጠርሽ ልክ ነው።

ግን አንድ መፈተኛ አለ። የባቡሩ ፊልም በሦስት ሲዲ ነበር። ሦስተኛው ተበላሸብኝና መጨረሻውን በአፌ ነበር የምነግራቸው፣ መብራት አብርቼ፣ ማይክ ይዤ። በእውነተኛው ፊልም እናትየው ልጇ ከባቡሩ ሳይወርድ ትሞታለች። እኔ ግን ዓይኗን ትገልጣለች፣ ታየዋለች ብዬ ነበር የምጨርሰው። እንግዲህ በእኛ ቪዲዮ ቤት ያደገ ልጅ "ትድናለች" ይልሻል። ከስልክ ላይ አይቶ ተዘጋጅቶ የመጣ አታላይ "ትሞታለች" ይልሻል። ትሞታለች ካለ በርሽን ዝጊ።

ይህን ደብዳቤ ለእናትሽ አታንብቢላት፤ በከንቱ አትረብሺያት። ለመሆኑ ሰውዬው ስለ እኔ ያነሳው ነገር አለ?

ሂርጳ


ጥቅምት 14 ቀን 2018
የካ

ጋሼ ሂርጳ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ላቆየው፣ ይቅርታ፣ ጠየቅኩት! ትናንት ምሳ ላይ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ "ከህንድ ፊልም ሁሉ የቱን ነው የምትወደው?" አልኩት።

"የባቡሩን ነዋ። አንቺስ?"

"እኔ የዝሆኑን፣ ሰርግ ላይ የሚጨፍረውን።"

ሳቀብኝ። "አንቺ? ዝሆኑ በመጣ ቁጥር እማዬ ነጠላ ውስጥ ትደበቂ አልነበር እንዴ፣ ፈሪ!" እማዬ እየሳቀች ጉልበቷን መታች፣ እኔ ይሄን እንዴት አወቀ አልኩ በሆዴ፣ ከዚያ ደግሞ ዝሆን የማትፈራ የአራት ዓመት ልጅ የት አለች፣ ማንም ይገምተዋል አልኩ።

"የባቡሩ መጨረሻው ግን እንዴት ነበር?" አልኩት።

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። "ትሞታለች" አለ።

"ማን?"

"እናትየው። ባቡሩ ሳይቆም።"

እማዬ ብድግ አለች፣ "ኸረ ምን ሆነሃል አንተ ልጅ፣ አትሞትም! ዓይኗን ትገልጥና 'መጣህ?' ትለዋለች፣ ሂርጳ እኮ ነው በአፉ የነገረን!"

ፊቱ አመድ መሰለ ጋሼ። "ማን ነገረሽ?" አላት፣ "ሂርጳ ነዋ!" አለችው፣ ከዚያ በኋላ አልጎረሰም። እማዬን ብቻ ነው የሚያያት፣ አሁን ገና እንዳገኛት።

ደጅ ጠራሁት። "ቦርሳህን ያዝና ውጣ፣ ወንድሜ ብትሆን ትድናለች ትል ነበር" አልኩት፣ ይመታኛል ብዬ የአጥሩን እንጨት ጨብጬ ነበር። አልተቆጣም። "ይሄን ጠይቂው ያለሽ ሂርጳ ነው?" አለኝ። እኔ ለእርሶ እንደምጽፍ ለማንም አልተናገርኩም፣ ሙሉጌጥንም በሚካኤል አስምያት ነው የምትይዝልኝ! ከፊቴ ገባው መሰለኝ፣ "እንግዲያው አንቺም ጠይቂልኝ፣ ሦስተኛውን ሲዲ በምን ጠረግከው በዪው፣ መልሱን አንብበሽ ሂድ ካልሽኝ ይቺን የካን ዞሬ አላያትም" ብሎ ወጣ። የእድራችን ዳኛ አቶ ኤጀታ አዘኑለትና የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ አስገቡት፣ ድንኳንና ብረት ድስት መሀል ነው ያለው።

እማዬ እህል አልቀምስም ብላለች። "አባረርሽው? አንቺም እንደ አባትሽ አባረርሽው?" ትለኛለች፣ አባዬ ማንን አባረረ፣ ይሄን እኔ የማውቀው የለም፣ ስጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ስለ እርሶ ያነሳው አለ ወይ ብለው ነበር፣ ይሄውልዎት ይሄን አነሳ። ምን ማለቱ ነው? ሌባውን ያዝኩት እኮ፣ ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር?

ሶሬቲ


ጥቅምት 19 ቀን 2018
የካ

ጋሼ ሂርጳ፣

ሙሉጌጥ ባዶ እጇን መጣች። ደብዳቤዬን ቆመው ሁለቴ እንዳነበቡት፣ አጥፈው ደረት ኪስዎ እንደከተቱት፣ "መልስ የለውም" እንዳሏት ነግራኛለች። ጆሮዎ ነው፣ አልሰሟትም ብዬ ራሴን ላታልል ነበር፣ ግን በእጇ ምልክት አድርጋ ነው የጠየቀችዎት፣ ገብቶዎታል።

ትምህርት ነው ያነሰኝ እንጂ ማሰብ አላነሰኝም። ደብዳቤዎን ለእማዬ አነበብኩላት፣ አዎ አታንብቢ ያሉኝን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ምን አለች መሰለዎት፣ "እውነቱን ነው፣ ግን ሂርጳ ያንን መጨረሻ መናገር የጀመረው በዳዳ ከጠፋ በኋላ ነው፣ መጨረሻው ሲደርስ እኔ እየታመምኩበት ሲቸገር። በዳዳ እያለ ሲዲው ደህና ነበር፣ ስትሞት ነበር የምናየው" አለችኝ። እንደ ዋዛ ነው ያለችው፣ ምን እንዳለች ለራሷም አልገባትም፣ ለእኔ ግን ገባኝ።

ከጠፋ በኋላ ከሆነ ወንድሜ ያንን መጨረሻ ከየት ይሰማዋል? እውነተኛው በዳዳ ትሞታለች ነው እንጂ ሌላ ምን ሊል ይችላል? እርሶ ይሄን ያውቃሉ! የሰጡኝ ጥያቄ ወንድሜ የሆነ ሰው እንዲወድቅበት ነው። ረስተው ነው? ረስተው ከሆነ ረሳሁ ይበሉኝ፣ ሽማግሌ ይረሳል፣ አምንዎታለሁ። ካልረሱ ግን ምን አድርጌዎት ነው? እሱስ ምን አድርጎዎት ነው? አሁን የምፈራው ሁለት ሰው ሆነ፣ አንዱ እድር ቤት፣ አንዱ አሰላ።

ለምዝገባው ዘጠኝ ቀን ቀረው። ሙሉጌጥ ማክሰኞ ትመጣለች፣ በርዎ ላይ ትቆማለች፣ ካልጻፉላት አትሄድም። በምን ጠረጉት?

ሶሬቲ


አሰላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018

ልጄ ሶሬቲ፣

በቤንዚን።

ሙሉጌጥ ደጄ ላይ ቆማለች፣ ስለዚህ ሳላሳምር ልጻፈው። አልረሳሁም። ረሳሁ ብል ደስ ባለኝ።

ቅዳሜ ነበር፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ሦስተኛው ሲዲ ተንቀጫቀጨ፣ ቆመ፣ ሰዉ ያፏጫል። ሁልጊዜ በለስላሳ ጨርቅ ነበር የምጠርገው። ያን ቀን ሁለት መለኪያ ቀምሻለሁ፣ ቸኩያለሁ፤ ለጄኔሬተሩ ያስቀመጥኩትን ቤንዚን ጨርቁ ላይ አፈሰስኩና ጠረግኩት። ወተት ላይ እንደሚንሳፈፍ ስልባቦት ነጣ። በዳዳ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ከእሱና ከእኔ በቀር ያየ የለም።

"ምን ሆነ? ማን አበላሸው?" ብለው ጮሁ። እኔ ማይኩን አነሳሁና "ይሄ ልጅ ነው፣ በጥፍሩ ፋቀው" አልኩ። በማይክ። ጅሬኛ ከበሩ መጣ። በልጁ አፈረ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ በሰው ሁሉ ፊት ገረፈው። ሰዉ አጨበጨበ። ልጁ አንድ ጊዜም "ሂርጳ ነው" አላለም፤ እየተገረፈ ዓይን ዓይኔን ነበር የሚያየኝ፣ እኔ እንድናገር እየጠበቀ። ጠዋት አልነበረም። የባህር ዛፍ አጣና የጫነ መኪና ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ነበር።

እናትሽ ከዚያ በኋላም መምጣቷን አልተወችም። ያችን ፊልም ነበር የምትጠይቀኝ። መጨረሻው ሲደርስ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ሳያት "ሞተች" ማለት አቃተኝ። በአፌ የወሰድኩባትን በአፌ የምመልስላት መሰለኝ።

አንቺ ስትጽፊልኝ ፈራሁ። እሱ ከሆነ ይናገራል፣ ሌባ ቢሆን ይሻለኛል አልኩ። ለዚህ ነው እሱ ብቻ የሚወድቅበትን ጥያቄ የመረጥኩት። ስለ ቤንዚኑ የሚጠይቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው። በዳዳ ነው፣ አስመዝግቡት።

መጥቼ እግሩ ላይ ልውደቅ። ይፈቅድልኝ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ለእናትሽ ግን አንቺ ንገሪያት፣ ለእሷ የሚሆን አፍ የለኝም።

ሂርጳ


ጥቅምት 30 ቀን 2018
የካ

ጋሼ ሂርጳ፣

እንዴት ሰነበቱ። ሁለት ነገር ጠይቀውኛል፣ ለሁለቱም እመልሳለሁ፣ ግን በመጀመሪያ የሆነውን ይስሙ።

ደብዳቤዎን ይዤ እድር ቤት ሮጥኩ። ድንኳን ዘርግቶ የተቀደደውን ይሰፋል፣ ሥራ ፈትቼ አልበላም ብሎ ነው አሉኝ አቶ ኤጀታ። ቆሜ አነበብኩለት፣ እየተደናቀፍኩ ነው የማነበው፣ አላቋረጠኝም፣ "ሰዉ አጨበጨበ" የሚለው ጋ ስደርስ ብቻ መርፌው ቆመ።

"ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም?" አልኩት።

"ማይክ የነበረው እሱ ጋ ነው" አለኝ።

"እሺ አሥራ ሰባት ዓመት ምን ሆነህ ነው?"

"መተሐራ መኪና ሳጥብ ነበርኩ። መጀመሪያ አባዬን ፈርቼ። ከዚያ... ትስቂብኛለሽ።"

"አልስቅም።"

"እኔ ስደርስ እማዬ የምትሞት ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ያየሁት እሱን ነዋ፣ ልጁ ይመጣል፣ እሷ ትሞታለች። ሰው ከሆንኩ በኋላም አልለቀቀኝም። ሦስቴ መገናኛ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።"

"ዘንድሮስ?"

"መንደሩ ሊነሳ ነው ሲሉ ሰማሁ። ከተነሳችሁ የት ብዬ አገኛችኋለሁ? አጥሩ ጋ የቆምኩት ለዚያ ነው። ከሩቅ ልዝፈንላት፣ ሰምታኝ ካልሞተች እገባለሁ ብዬ።"

አልሳቅኩም ጋሼ። እርሶ ሞተች ማለት አቅቶዎት ለሰው ሁሉ ትድናለች ሲሉ፣ ያቺን ቃል ሳይሰማ የሄደ አንድ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ድንኳኑ ላይ አስቀመጥኩለት፣ "አንቺ ጋ ይሁን፣ እኔ እጥለዋለሁ" አለኝ።

አርብ ወረዳ ሄድን። እማዬ በዳዳን ክንዱን ይዛ፣ አቶ ኤጀታና ድሮ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶቻችን ለምስክር። ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ "የቤቱ አባል ተቃውሞ የለሽም?" አለችኝ። የለኝም አልኩ። "ምንሽ ነው?" ወንድሜ አልኩ። "አይሰማም፣ ምንሽ ነው?" "ወንድሜ ነው!" አልኩ፣ ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ፣ ፈረምኩ።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ፣ በዳዳ ይምጣ ብሏል። "እግሬ ላይ የሚወድቅ ሰው አልፈልግም፣ ይምጣና ይቀመጥ" ነው ያለው፣ ቃል በቃል።

ለሁለተኛው፣ አይሆንም። እኔ አልነግራትም። እማዬ አባዬን ከዚያን ቀን ጀምሮ በሆዷ ልጄን አባረርክብኝ እንዳለችው ነው፣ ሲሞት ከጎኑ ነበርኩ፣ እጁን ዘረጋላት፣ አልያዘችውም። ለምን እንደሆነ እኔ የገባኝ በእርሶ ደብዳቤ ነው። አባዬ የገረፈው ልጅ ጥፋት አለበት ብሎ ሞተ፣ እሷም ባሏ በገዛ ክፋቱ ነው የገረፈው ብላ እስከ ዛሬ ትኖራለች፣ ይሄን የማነሳላት እኔ አይደለሁም፣ አፍማ አለዎት፣ ሃያ ዓመት በማይክ ተናግረውበታል።

የሚመጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነን። አጠገቧ ይቀመጣሉ፣ ይነግሯታል፣ የእሷ ጆሮ ደህና ነው። እሷ የምትልዎትን እርሶ አይሰሙም፣ ስለዚህ እኔ መሀላችሁ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። ያለችውን እየጻፍኩ አሳይዎታለሁ፣ ይቅርም ብትል፣ ብትረግምም፣ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ።

ሶሬቲ ጅሬኛ